ሩቅ መወርወር አልችልም፤ ለዓሣ ማጥመድ ውድድሩ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ እያጠመድኩ ነው ያደግኩት። እዚህ ደግሞ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ውቅያኖስ ዳር መውጣት ጀምሬያለሁ። እሱ ያለበት የዓሣ አጥማጆች ክለብ በኖቬምበር ኖርዝ ካሮላይና፣ ኬፕ ሃተራስ ላይ ለሚደረግ የባሕር ዳርቻ ውድድር ቡድን ሲያዋቅር አንድ ሰው ጎደለባቸውና እኔን ጠየቁኝ። ችግሩ ሩቅ መወርወር አልችልም። እነሱ መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ያደርሳሉ፤ እኔ ስልሳ ከደረስኩ ተመስገን ነው። ቡድኑን አሳፍር ይሆን? ምን ልዘጋጅ? ውድ ዘንግስ ልግዛ?»

ግባ። ስልሳ ሜትር ይበቃሃል። አንዳንድ ቀን እንዲያውም ይበዛብሃል።

ላጽናናህ ብዬ አይደለም። መጀመሪያ ነጥብ እንዴት እንደሚያዝ ተረዳ፤ የቀረው ራሱ ግልጽ ይሆንልሃል። ደንቡ ከውድድር ውድድር ይለያያል። በብዙዎቹ ግን ዓሣው በርዝመት ይለካል፣ ዳኛ ይመዘግባል፣ ነጥቡ ለቡድኑ ይደመራል። ለስሌት እንዲመቸን በኢንች አንድ ነጥብ ነው እንበል። አንተ አሥር አሥር ኢንች የሆኑ አምስት ሲ ሙሌት የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎች ብታወጣ 50 ነጥብ አለህ። አጠገብህ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ትልቅ ዓሣ ሲጠብቅ ውሎ ሬድ ድረም የሚባል አንድ ባለ 40 ኢንች ትልቅ ዓሣ ቢያወጣ 40 አለው። ፎቶው የእሱ፣ ነጥቡ ያንተ። ትልቁ ዓሣ ካልመጣ ደግሞ፣ አብዛኛውን ቀን አይመጣም፣ ዜሮውን ታቅፎ ይገባል።

ቡድን የሚጎዳው ቅርብ በሚወረውር ሰው አይደለም። ባዶ እጁን በሚመለስ ሰው ነው። ስለዚህ ያንተ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚቆጠር ዓሣ ቶሎ ማስመዝገብ፣ ከዚያ ሌላ መጨመር፣ ከዚያ ሌላ።

የውድድሩን ደንብ አትመህ አንብበው። ሳታፍር አምበላችሁን ጠይቅ። የሚቆጠረው ትንሹ ርዝመት ስንት ነው? የማይቆጠር ዓሣ አለ? ስኬት (skate) የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣና ዶግፊሽ የሚባለው ትንሽ ሻርክ ነጥብ አላቸው? በአንድ ዘንግ ስንት መንጠቆ ይፈቀዳል? አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ስንት ዘንግ ውሃ ውስጥ ማስገባት ይችላል? ዳኛው እስኪመጣ ዓሣውን እንዴት ነው የማቆየው? ይህን ሳያውቅ የሚሰለፍ ሰው ስንት ዓመት ያጠመደ እንደሆነ አትጠይቀኝ። ጉድ ታያለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባሕሩን ማንበብ።

ውድድር ላይ እንደ ልብህ ቦታ አትመርጥም። ዳርቻው ተከፋፍሎ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የደረሰህ ላይ ትቆማለህ። የሚቀርልህ ምርጫ ከፊትህ ያለው ውሃ ውስጥ የት እንደምትጥል ብቻ ነው። እሱ ግን ቀላል ምርጫ አይደለም።

ከተቻለ ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን፣ ውሃው ሲጎድል ዳርቻውን ሄደህ እየው። ሞገዱ ከሩቅ ነጭ ሆኖ የሚሰበርበት መስመር አለ። እዚያ ጥልቀት የለም፤ የአሸዋ ጉብታ ነው። ከጉብታው ወዲህ ጠቆር ያለና ረጋ ያለ ውሃ ታያለህ። ያ ቦይ ነው፣ ጥልቅ ያለው። ከዚያ እግርህ ስር ሞገዱ እንደገና ይሰበራል። ሲ ሙሌት፣ ስፖት፣ ፓምፓኖ ምግባቸውን የሚለቅሙት ብዙ ጊዜ በዚህ ቦይ ውስጥና በጠርዞቹ ላይ ነው። ሞገዱ አሸዋውን ሲያገላብጠው ትንንሽ ሸርጣንና ትል ይወጣል፤ ዓሣው ያን ተከትሎ ይመጣል። ቦዩ አንዳንድ ቦታ ከዳርቻው ሃያ ሜትር ላይ ነው። ወዳጆችህ መቶ ሜትር ሲወረውሩ በዓሣው አናት ላይ አሳልፈው ነው የሚጥሉት።

ነጩ መስመር የሚቋረጥበት ቦታ ካየህ ልብ በል። ጉብታው እዚያ ጋ በር አለው ማለት ነው። በዳርቻው የተከማቸው ውሃ በዚያ በር ተመልሶ ይወጣል፤ ምግብም ይዞ ይወጣል። ከፊትህ እንዲህ ዓይነት በር ካለ መሃሉ ላይ አትጣል፤ ወራጁ እርሳስህን፣ ክሩን ወደ ታች የሚይዝልህን ክብደት፣ ይዞብህ ይሄዳል። ጠርዙ ላይ ጣል። ደግሞ ወገብህ ድረስ ገብተህ እዚያ በር አፍ ላይ እንዳትቆም። ዋናተኛ የሚወስደው ይኸው ወራጅ ነው።

በዓይንህ ያላየኸውን በእጅህ ታገኘዋለህ። ወርውረህ እርሳሱ መሬት ከነካ በኋላ ክሩን አጥብቀህ ቀስ እያልክ ሳብ። እርሳሱ ዳገት ሲወጣ ዘንግህ ይከብዳል፣ ጫፉ ጎንበስ ይላል። ጉብታው ላይ ወጥቶ ወደ ቦዩ ሲወርድ ድንገት ይቀልልሃል። እዚያ ቀለለ ያለህ ቦታ ላይ አቁም። እጀታውን ስንት ጊዜ እንዳዞርክ ከቆጠርክ ቀጥሎ ምን ያህል አርቀህ እንደምትጥል ታውቃለህ። ሁለት ሦስት ጊዜ ብታደርገው ከፊትህ ያለው መሬት በጭንቅላትህ ይሳላል።

ይህ ሥዕል ግን ቀኑን ሙሉ አይሠራም። አትላንቲክ ላይ ውሃው ሞልቶ እስኪጎድል ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል፤ በማግስቱም ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ውሃው እየሞላ ሲመጣ ዓሣውም እየቀረበ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ዓሣ ያገኘበትን ርቀት ይዞ ይከራከራል፤ ዓሣው ግን ከእግሩ ስር ደርሷል። ንክኪ ካጣህ መጀመሪያ አሳጥር፣ ከዚያ ነው ማርዘም።

ቡድን የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ስድስት ሰው አንድ ርቀት ላይ ቢወረውር ምኑ ቡድን ሆነ? መጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ላይ አንዱ ሃያ ሜትር፣ አንዱ አርባ፣ አንዱ ጉብታው ጀርባ ይጣል። አንዱ ሽሪምፕ፣ ሌላው የዓሣ ቁራጭ ያድርግ። ያገኘ ሰው ጮክ ብሎ ይናገር፦ «ሠላሳ ሜትር፣ ሽሪምፕ!» ወዲያው ሁሉም ወደዚያ ይዞራል። እኛ ሐበሾች እንጀራ የሚበላበትን ቦታ መደበቅ እንወዳለን፤ እዚህ ላይ አይሠራም። ቅርብ የምትወረውረው አንተ ከሆንክ ቅርቡን ርቀት የሚፈትሽላቸው ሰው አገኙ ማለት ነው።

ማባበያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሐዋሳ ላይ የለመድከው ስላልሆነ። የባሕር ዓሣ ትልቅ ስለሆነ ትልቅ ነገር ይፈልጋል ብለው ሽሪምፑን እንዳለ የሚሰኩ አሉ። ሲ ሙሌት አፉ ትንሽ ነው፣ ወደ ታች የዞረ። ጉርሻ ሲበዛ እንግዳ እንደሚጨነቀው ነው፤ ዳር ዳሩን ነክሶ ይሄዳል፣ አንተም መነካካት ብቻ ታተርፋለህ። ሽሪምፑን ላጠው። የአውራ ጣትህን ጥፍር በምታክል ቁረጠው። መንጠቆውን በመሃሉ አሳልፈህ ጫፉ በሌላው በኩል ብቅ እንዲል አድርግ። ጫፉ ሥጋ ውስጥ ተቀብሮ ከቀረ ዓሣውን አይዝም።

የዓሣ ቁራጭ ስትጠቀም ደግሞ ቆዳው አይለየው። ሙሌት የሚባለው ዓሣ ከሆነ (ከሲ ሙሌት ጋር አይምታታብህ) ጎኑን ገፈህ ጣት በምትሆን ስፋት ሸንሽነው፤ መንጠቆውን ከአንድ ጫፍ በቆዳው በኩል አንዴ ውጋ። ሥጋው ብቻ ከሆነ ስትወረውር በአየር ላይ ተቆርሶ ይቀራል። አንተ ባዶ መንጠቆ ይዘህ አሥር ደቂቃ ባሕር ታያለህ።

ሳንድ ፍሊ የሚባለውን ትንሽ ሸርጣን ደግሞ ገንዘብ ከፍለህ አትግዛ። ሞገዱ ወጥቶ ሲመለስ እርጥቡ አሸዋ ላይ የቪ ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ ምልክቶች ታያለህ። እዚያው በእጅህ ቆፍር። ኖቬምበር ላይ እንደ በጋው አይበዛም፤ ሞቅ ካለ ግን ይገኛል። ለፓምፓኖ ከእሱ የተሻለ አላየሁም።

ቀጥሎ ጊዜ። ሁለት መንጠቆ ከእርሳሱ በላይ የተንጠለጠለበትን የታሰረ ክር፣ ሪግ የሚሉትን፣ ቤትህ እያለህ አሥር፣ አሥራ አምስት አዘጋጅ። ሁልጊዜ አንዱ ውሃ ውስጥ ሲሆን ሌላው ማባበያ ተሰክቶበት ኩለሩ ላይ ይጠብቅ። ስትስብ አሮጌውን ከማያያዣው አላቀህ አዲሱን ትሰካለህ፣ ትወረውራለህ። ከዚያ ተረጋግተህ ዓሣህን ትፈታለህ። ስሌቱን እየው፦ በአራት ሰዓት ውስጥ 25 ጊዜ ብትወረውርና በእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ብታተርፍ 50 ደቂቃ ነው። ሌላው ሰው መንጠቆ ሲፈታ ያንተ ማባበያ ሃምሳ ደቂቃ ተጨማሪ ውሃ ውስጥ ነበር። መቶ ሜትር መወርወር ይህን አይሰጥህም። ባይነካም ከስድስት ሰባት ደቂቃ በላይ ሳታየው አትተወው፤ ሸርጣን ሳያሳውቅህ አራቁቶት ይሄዳል።

መንጠቆው ትንሽ ይሁን፤ ለሲ ሙሌትና ለስፖት ቁጥር 4 ጥሩ ነው። ብሉፊሽ ከመጣ ሪጉን ወፍራም ክር ወዳለው ቀይር። ጥርሱ ምላጭ ነው። አፉ ውስጥ ጣት ማስገባት የለም፤ በፒንሳ ብቻ።

እርሳሱ 3 ወይም 4 አውንስ፣ ማለትም ከ85 እስከ 113 ግራም ገደማ ይበቃል፣ የጎን ወራጅ ካልበረታ። ሲበረታ ስፑትኒክ የሚሉትን፣ ሽቦ እግር ያለውን ተጠቀም፤ አሸዋው ላይ ይነክሳል። ይህ ለዓሣው ብቻ አይደለም። የሚንከባለል እርሳስ የጎረቤትን ክር ሰብስቦ ነው የሚመጣው። ውድድር ላይ ከዚህ የበለጠ ሰው የሚያስቀይም ነገር የለም። ከተጠላለፍክ ይቅርታ ብለህ የራስህን ቁረጥ፣ የእሱን አትንካ። በዚህ አንድ ነገር ብቻ ዳርቻው ሁሉ ይወድሃል።

ስለ አወራወር አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። ከዋናው ክር ፊት ሾክ ሊደር የሚባለውን ወፍራም ክር እሰር። የተለመደው ስሌት ለአንድ አውንስ እርሳስ 10 ፓውንድ ጥንካሬ ነው። 4 አውንስ ከሆነ 40 ፓውንድ። ርዝመቱ ሪሉ (የክር ማጠንጠኛው) ላይ ጥቂት ዙር ተጠምጥሞ በዘንጉ በኩል አልፎ እስከ እርሳሱ የሚወርድ ይሁን። ቀጭኑ ክር በአወራወር ኃይል ከተበጠሰ መቶ ግራም እርሳስ ሰው በሞላበት ዳርቻ ላይ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ሰው ይገድላል። ከመወርወርህ በፊት ዞር ብለህ ከኋላህ እይ። ልምምዱን ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ፣ መንጠቆ ሳይኖረው አድርግ። በአናትህ ላይ ቀጥታ የሚወረወረው ቀላሉ አወራወር ይበቃል። እየተሽከረከሩ የሚወረውሩትን ዩቲዩብ ላይ አይተህ ውድድር ላይ እንዳትሞክረው፤ አደራ።

ከውድድሩ በፊት ባሕር ላይ ለመለማመድ ሃተራስ ድረስ መሄድ የለብህም። አሳቲግ የምትባለው ደሴት ከአንተ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ናት፤ ዴላዌር ኬፕ ሄንሎፐንም አለ። እዚያ በጸደይና በመጸው ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ዓሣ ሊገጥምህ ይችላል። እሱን በተፈጥሮ ማባበያ የምታጠምድ ከሆነ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰርክል ሁክ የሚባለውን ክብ መንጠቆ መጠቀም ግዴታ ነው። ዓሣው ሲውጠው አንጀቱን ሳይሆን የአፉን ጥግ ስለሚይዝ ሲለቀቅ ይተርፋል። በዚህ መንጠቆ ዘንጉን መንጠቅ የለም፤ ዝም ብለህ ማጥበቅ ነው።

ሬድ ድረሙን ለሚያውቁት ተውላቸው። ሃተራስ ለድረም የታወቀ ቦታ ነው። የዓለም ክብረ ወሰኑ የተያዘው እዚያው ደሴት ላይ፣ አቨን በተባለች መንደር ዳርቻ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1984 እ.ኤ.አ. ነው። ዴቪድ ዱዌል የሚባል ሰው ያወጣው 94 ፓውንድ ከ2 አውንስ፣ ወደ 42.7 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ከቡድናችሁ አንድ ሁለቱ ረጅሙን ዘንግ ይዘው፣ 8 አውንስ እርሳስና የዓሣ ጭንቅላት ወደ ጉብታው ጀርባ እየወረወሩ ድረም ይጠብቃሉ። ይጠብቁ፤ ነጥቡ ከመጣ ለሁላችሁም ነው። ያንተ ግዴታ አንድ ብቻ ነው፦ ዓሣ ይዘው በዳርቻው መሮጥ ሲጀምሩ የራስህን ክር ሰብስበህ መንገድ መልቀቅ። ትልቅ ድረም ቤት አይወሰድም። በኖርዝ ካሮላይና ሕግ መያዝ የሚቻለው ከ18 እስከ 27 ኢንች ያለው ብቻ፣ እሱም በቀን አንድ ነው። ትልልቆቹ ወላጆቹ ናቸው፤ ተለክተው ቶሎ ወደ ውሃ ይመለሳሉ። ፎቶ ማብዛት የለም።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል። የኖርዝ ካሮላይና የባሕር ዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ በኢንተርኔት ይወጣል፤ የቨርጂኒያው እዚያ አይሠራልህም። ዳርቻው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ መኪና አሸዋ ላይ ለማስገባት ከፓርኩ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። አካፋ፣ ክሪክ፣ ከክሪኩ ስር የሚሆን ጣውላና የጎማ አየር መለኪያም በመኪናው ውስጥ መኖር አለባቸው። የጎማው አየር ግፊት ወደ 20 ፒኤስአይ ይወርዳል። እንዲያውም ያንተን መኪና አቁመህ ከልምድ ሰው ጋር ሂድ፤ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ካምሪ ማየት አሳዛኝ ነው። ረጅሙን የጎማ ሱሪ ከለበስክ ወገቡን በቀበቶ አጥብቀው፤ ከወደቅክ ውሃ የሚሞላብህ በዚያ በኩል ነው። የኖቬምበር የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ አጥንት ይገባል፤ ተደራርበህ ልበስ። ለምግብ ዳቦ ቆሎ ያዝ፤ ዓሣ የነካ እጅ ሳንድዊች አይወድም። ውድድሩ ከነቢያት ጾም በፊት ስለሆነ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

ከውድድሩ በፊት አንድ ሁለት የክለቡ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ተገኝ። ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። ዳርቻ ሲያጸዱ ብትገኝ፣ ቡና ይዘህ ብትሄድ፣ ሠላሳ ዓመት ያጠራቀሙትን ምሥጢር በአንድ ከሰዓት ይዘረግፉልሃል። ለውድድር ቀን ብቻ ብቅ የሚል ሰው ግን ደስ አይላቸውም፤ እውነታቸውን ነው።

ዘንጉን በተመለከተ፣ ውዱን አትግዛ። 10 ጫማ የሆነ፣ ከ2 እስከ 6 አውንስ የሚችል መካከለኛ ዘንግ፣ 5000 ወይም 6000 መጠን ያለው ሪል፣ 15 ፓውንድ ናይለን ክር። ይኸው ነው። ለድረም የሚሆነው ከባዱ ዘንግ ካስፈለገህ ክለቡ ውስጥ የሚያውስህ አታጣም። የተረፈህን ገንዘብ ለትኩስ ማባበያ፣ ለጥሩ የግንባር መብራትና ለሁለተኛ ሪል አውለው። ሁለተኛው ርካሽ ይሁን ግድ የለም፤ ክር ሞልተህ መኪናው ውስጥ አስቀምጠው። ሪል አሸዋ ላይ ከወደቀ ማርሹ መፍጨት ይጀምራል፤ የዚያን ዕለት ደግሞ ፈትተህ የምታጥብበት ጊዜ የለህም።